ማብራሪያው ይቆይ

ክርክሩን ያስነሳችው የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ናት። «የአራት ዓመት ልጅ ሙዚየም ሄዶ ምን ይማራል? አስጎብኚው ስለ ዘመን ያወራለታል፤ እሱ መስታወቱ ላይ የራሱን ፊት ያያል። እጁን ሲዘረጋ ‹አትንካ!› ይባላል።»

አስጎብኚው ሳቀ። «አንቺ የምታወሪው ስለ ድሮው ነው። ለልጆች ተብሎ የተሠራው፣ አሜሪካ ያለው የብሩክሊን የልጆች ሙዚየም እኮ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ የቦስተኑ የልጆች ሙዚየም ዕቃውን ከመስታወት አውጥቶ ለልጆች እጅ ሰጠ። ዕቃውን ስጫቸውና ዞር በይ፤ ሌላው የራሳቸው ጉዳይ ነው።»

ይህን ጊዜ በዕድሜ የሚበልጡን የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ገቡበት። «ዞር በይ ማለትማ ቀላል ነው። የእጅ ላብ ጨውም ቅባትም አለው፤ ብረት ላይ ከቀረ ያዝገዋል። ጨርቅና ወረቀት የምናሳየው ለክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ በ50 ገደማ፣ በደብዛዛ ብርሃን ብቻ ነው፤ አንዴ የለቀቀ ቀለም አይመለስማ።»

«እርስዎ ደግሞ ጋሼ፣ ሁሉንም ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ይሄዳሉ» አለች መምህሯ።

«አልቆልፍም። የሚነካው ለብቻው ይሁን ነው የምለው፤ ቅጂ፣ ወይም ተመሳሳዩ በብዛት ያለን ዕቃ። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡ። መሃል ላይ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ዕቃው በሁለት እጅ፣ ከምንጣፉ ሳይወጣ ይያዝ። ልጅ ዕቃ የሚጥለው ቆሞ ሲቀባበል ነው፤ ዐይኑ ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ጓደኛው ፊት ይሄዳል። ከተቀመጠ ግን ቢጥለውም ከአንድ ስንዝር ብዙም አይዘል። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ከመጡ ደግሞ፣ 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት የመፈተሻ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ማንኛውም ነገር ከክፍሉ ይውጣ፤ ያንቃል።»

በዚህ ማንም አልተከራከራቸውም። መምህሯ ግን ከአስጎብኚው ጋር አልጨረሰችም። «ዞር በይ ካልከኝ የጣውላውን ነገር ልንገርህ። ሁለት ዘንበል ያሉ ጣውላዎችና አንድ ቅርጫት ሙሉ የተለያዩ ኳሶች ሰጥተህ ሄድክ እንበል። ጩኸቱና ሳቁ ደስ ይላል። ነገር ግን ልጁ ጣውላውን ከፍ ያደርጋል፣ ኳሱንም ይቀይራል፣ ሲለቀውም ይገፋዋል፤ ሁሉንም ባንዴ። ሩቅ ያደረሰው ከፍታው ነው? ኳሱ ነው? ግፊያው ነው? በምን ያውቀዋል?»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ልትነግሪያቸው ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ጥናት አታውቂም? ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሙዚቃና መስታወት ያሉት፣ አራት ነገር የሚያደርግ አሻንጉሊት ነው። አዋቂዋ ‹የሚሠራው እንዲህ ነው› ብላ አንዱን ያሳየቻቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ተዉት፣ ያገኙትም ጥቂት ነው። አስተማሪ ይህን ብቻ ካሳየ ሌላ የለውም ማለት ነው ብለው ነው የሚያስቡት፤ ደግሞም እንዲህ በማሰባቸው አይፈረድባቸውም።»

«እኔ መቼ ተናገር አልኩ? አዘጋጅ ነው ያልኩት። ጣውላዎቹ ሁለቱም 1 ሜትር ይሁኑ፤ ኳሶቹ አንድ ዓይነት፤ የቀረውን ኳስ ደብቀው። ከሥር የሚገባው አሜሪካዊቷ አስተማሪ ካሮላይን ፕራት ለልጆች መጫወቻ የነደፈችው ዓይነት የእንጨት ብሎክ ይሁን፤ 3.5 በ7 በ14 ሳንቲ ሜትር ነው። ስታስተኛው፣ በጎኑ ስታደርገው፣ ስታቆመው፣ ያው አንድ ብሎክ ሦስት ከፍታ ይሰጥሃል፤ እያንዳንዱም የፊተኛው እጥፍ ነው። ኳሶቹን ከላይ በማስመሪያ አግዳቸውና ማስመሪያውን ብድግ አድርገው፤ ማንም ሳይገፋቸው እኩል ይነሣሉ። ታች ምንጣፍ ካላነጠፍክ ኳሱን ግድግዳ ነው የሚያስቆመው፤ ያኔ ርቀት የሚባል ነገር የለም። የቆመበት ላይ ቴፕ ይለጠፍ።»

አስጎብኚው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ጣውላው በጣም ከቆመስ?» አላት።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ቁልቁለቱ ሲበዛ ኳሱ ጣውላውና ወለሉ በሚገናኙበት ይነጥራል፤ ፍጥነቱ እዚያው ይባክንና ከዝቅተኛው ጣውላ ከወረደው ኳስ ቀድሞ ሊቆም ይችላል። ልጁ በገዛ ዐይኑ የተገላቢጦሹን አየ ማለት ነው፤ በኋላ በቃል ብታስተካክሉት አያምናችሁም። መምህሯ መልሱ ነበራት፤ መጋጠሚያው ላይ ጎበጥ ያለ ካርቶን ይለጠፍ፣ ከፍታውም ከአንድ የቆመ ብሎክ አይለፍ።

እኔ ለመምህሯ እፈርዳለሁ፤ ምክንያቴን ግን የምወስደው አስጎብኚው ራሱ ከጠቀሰው ጥናት ነው። እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ቡድን ነበር፤ አዋቂዋ አሻንጉሊቱን እንደማታውቀው ሆነች፣ ድምፁን ያስጮኸችውም በአጋጣሚ በመምሰል ነው። እነዚያ ልጆች መፈተሻቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ልጁን ያስቆመው የአዋቂው መኖር አይደለም፤ «የሚሠራው እንዲህ ነው» የሚለው ንግግር ነው። አስጎብኚው ዞር ከሚል አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «እንዴ! ይሄኛው ለምን ቀደመ?» ቢልና መልሱን ሳይናገር ቢጠብቅ ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ አምስት፣ ስድስት ደቂቃዎች ይህም አያስፈልግም፤ ልጁ ኳሱን እንደፈለገ ይልቀቀው። «ቁልቁለት»፣ «ፍጥነት» የሚባሉት ቃላት የሚመጡት ቴፖቹ ወለሉ ላይ ከተደረደሩ በኋላ ነው።

መምህሯንም በአንድ ነገር አልከተላትም። የመስታወቱ አዳራሽ ለትንንሾች አይሆንም ማለቷ ትክክል አይደለም። አንድ አዋቂ አምስት ልጆች ይዞ፣ ሦስት ዕቃ ብቻ መርጦ፣ መጀመሪያ ቅጂውን በጋሼ ምንጣፍ ላይ አስይዞ ከዚያ ዋናውን ቢያሳያቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ የሚያዩት እጃቸው የሚያውቀውን ዕቃ ነው። አራተኛውን ዕቃ መጨመር ግን አያዋጣም፤ እዚያ ሲደረስ ልጆቹ መሮጥ ይጀምራሉ።