ጣዩ ለወዳቂው ኃላፊ ነው

በከተሞቻችን የማርሻል አርት ማሠልጠኛዎች ሲበራከቱ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ወላጆችም አሠልጣኞችም አብዝተው የሚነጋገሩት ስለ ቀበቶ ቀለምና ስለ ሜዳሊያ መሆኑ ግን ያሳስበኛል። እኔ በጎልማሳነቴ የጀመርኩት ጁዶ የኑሮ መመሪያዬ እስከመሆን የደረሰው በእነዚህ ምክንያት አይደለም። ሰውን የመጣል ጥበብ ለሚጣለው ሰው በመጠንቀቅ ላይ የቆመ መሆኑን በገዛ አካሌ ስላወቅሁ ነው።

የጁዶ መሥራች ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ በሙያው መምህር ነበር። በልጅነቱ ደቃቃ ስለነበረ ጉልበተኞች ያስቸግሩት ነበር፤ ከዚያም ጁጂትሱ የተባለውን ጥንታዊ የግብግብ ጥበብ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1882፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቶኪዮ በሚገኝ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ 12 ምንጣፍ በምታስነጥፍ ክፍል ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ማሠልጠኛ ከፈተ። ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ አካል የሚሰብሩትን ዘዴዎች ከነጻ ልምምድ ማስወጣቱ ነው። ይህ ጥበቡን ማለዘብ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። አጥንት የሚሰብርን ዘዴ ማንም በባልደረባው ላይ በሙሉ ኃይሉ ሊለማመደው አይችልም፤ ጉዳት የማያደርሰውን ግን ሁለት ሰዎች ራንዶሪ በሚባለው ነጻ ግጥሚያ፣ ባላቸው አቅም ሁሉ እየተቋቋሙ ሊሞክሩት ይችላሉ። የሚቋቋምህ ሰው ከሌለ ደግሞ የምታውቀውና የምታውቅ የሚመስልህ አይለይም።

ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መውደቅን ነው። ጭንቅላቱ እንዳይመታ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ክንዱን ከጎኑ ጥቂት አራርቆ ከመዳፉ ጀምሮ በሙሉ ምንጣፉን በኃይል ይመታል፤ በዚህም የአወዳደቁ ኃይል በአንድ ቦታ ከማረፍ ይልቅ ይበተናል። ይሁን እንጂ ይህ የወዳቂው ድርሻ ብቻ ነው። ጣዩ በበኩሉ የጨበጠውን እጅጌ አይለቅም፤ ባልደረባው ወደ ምንጣፉ ሲወርድ እጅጌውን ወደ ላይ ስቦ ይይዝለታል፤ ወዳቂውም በጎኑ ተስተካክሎ ያርፋል። ከዚያ ተነሥቶ ኮሌታውን አስተካክሎ ተራውን ይጥላል።

ካኖ በኋለኛው ዘመኑ ትምህርቱን በሁለት መርሆች አጠቃለለው፤ ኃይልን ሳያባክኑ በጥሩ ሁኔታ መጠቀም፣ እንዲሁም ራስም ሌላውም አብሮ መልማት። ሁለተኛው መርህ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሲነበብ ማንም የሚስማማበት ተራ መፈክር ይመስላል። እጅጌውን ይዞ ላስወደቀና እጅጌው ተይዞለት ለወደቀ ሰው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የእኔ መማር በባልደረባዬ ደኅንነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ ከጎዳሁት ነገ የሚቋቋመኝ ሰው አይኖርም። በሥራዬም ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ሰነድ አጥብቆ የሚሞግት ባልደረባ ሲገጥመኝ ክርክሩን ሳላለሳልስ፣ ሰውየውን ግን በሰው ፊት ሳላዋርድ መከራከርን የተማርኩት ከዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። በየስብሰባችን የሚጎድለን ይህ ይመስለኛል፤ ወይ በይሉኝታ ዝም እንላለን፣ ወይ ደግሞ ለመስበር እንናገራለን።

ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር በሆነበት እ.ኤ.አ. በ1964ቱ የቶኪዮ ጨዋታ፣ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት አሸነፈው። ደስታውን መቆጣጠር ያቃተው ሆላንዳዊ ደጋፊ ወደ ምንጣፉ ሲሮጥ ጌሲንክ እጁን ዘርግቶ አስቆመው፤ ሥርዓቱ ሳይፈጸም፣ ተሸናፊውም ገና ከፊቱ ሳለ ጭፈራ እንዲጀመር አልፈቀደም። የዚያ ቀን ሜዳሊያው ትልቅ ነበር፤ እኔ ግን ለልጆች የማሳየው ያንን እጅ ነው።

ስለዚህ ጁዶም ይሁን ሌላ የግብግብ ጥበብ የሚያስተምሩ አሠልጣኞቻችን ለቀበቶ በሚሰጡት ፈተና ላይ፣ ተፈታኙ ባልደረባውን እንዴት እንደጣለው ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሳረፈውም ነጥብ ሊሰጡበት ይገባል፤ በዚህ የወደቀ ልጅም ሌላው ችሎታው የቱንም ያህል ቢያምር ቀበቶው ሊቆይበት ይገባል።