ይድረስ ለተከበሩ የሽንት ቤታችን ውሃ መልቀቂያ ሳጥን፣ አቶ ፍላሽ፤ ካሉበት መታጠቢያ ቤት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈረቃ መፍሰስዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከውሃ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎማ ናፍቆትን ከየት ያውቁታል! ጎንደር ፈረቃዋን ስትጠብቅ፣ እኛ በሮቶ ያጠራቀምናትን ጥሪት ሌት ተቀን ሽሽሽ እያደረጉ ወደ ጉድጓድ የሚሸኙ እርስዎ ነዎት። ከገጠር የመጣ እንግዳችን ሌሊት ድምፅዎን ሰምቶ «ኧረ ውሃ መጣ!» እያለ ባልዲ ይዞ ሲነሳ፣ የመጣ ሳይሆን የሚሄድ ውሃ መሆኑን እንዴት ብለን እናስረዳው?

ሹመትዎ የጸናው በእድሳቱ ጊዜ መሆኑን አንረሳም። የምንኖርበት ሕንጻ ፒያሳ አካባቢ ጣሊያን ሠርቶ ጥሎት ከሄደው ወገን ነው። ታደሰ ተባለ። ታደሰ ማለት ኮርኒሱ ጂብሰም ሆነ፣ ሴራሚኩ እስከ ጣሪያ ወጣ፣ መስታወቱ ዙሪያውን መብራት ገባለት ማለት ነው። ግድግዳው ተፈንቅሎ የዛገው ብረት ሲገለጥ ቧንቧ ሠራተኛው፣ «ጋሼ፣ ክፍት እያለ ይኼን አሮጌ ብረት እንቀይረው፤ ፍላሹንም ባለ ሁለት ቁልፍ እናድርገው» ብሎ ነበር። የቤቱ ጌታ ሳቁና «ከግድግዳ ውስጥ ያለውን ደግሞ ማን ያየዋል?» አሉ። በማግስቱ ተለሰነ። ውስጡን ለቄስ ማለት ይኸው ነው። ቄሱም መጥተው ቤቱን ጠበል ሲረጩ፣ ለጠበሉ የሚሆን ውሃ የተቀዳው ከኛ ጀሪካን ነው፤ ከቧንቧው ጠብ አላለም ነበር።

እርስዎም በጨርቅ ተወልውለው፣ አዲስ ክዳን ተገዝቶልዎ ወደ ወንበርዎ ተመለሱ። የውስጥ ጎማዎ ግን ያው የድሮው፣ ደርቆ የተሰነጠቀው ነው።

እስቲ እንተሳሰብ። በደቂቃ ሩብ ሊትር ብቻ ያፈሳሉ እንበል፤ አንዲት ብርጭቆ ማለት ናት። ቀንና ሌሊቱ 1,440 ደቂቃ ነው። 360 ሊትር ሆነ፤ በባለ 20 ሊትሩ 18 ጀሪካን። ይህን ያህል ጀሪካን ከቦቴ ቀድቶ ፎቅ የሚያወጣ ጎረምሳ በየደረጃው ቆሞ ይተነፍሳል፤ እርስዎ ተቀምጠው ይጨርሱታል። ይህም ማንም ሳይነካዎ ነው። ሲነኩማ፣ የእርስዎ እድሜ እኩዮች አንድ ጊዜ ሲጫኗቸው 12 ሊትር ይለቃሉ። ባለ ሁለት ቁልፎቹ ግን ለሽንት 3፣ ለሌላው 6 ሊትር ይበቃቸዋል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 25 ጊዜ ቢጫንዎ 300 ሊትር ሊሆን ነው። ወጣቱ ሃያውን በትንሿ፣ አምስቱን በትልቋ ቁልፍ ቢያስተናግድ በ90 ሊትር ይወጣዋል። ልዩነቱ በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። (ልብስ የምታጥብልን እናት ይህን ስነግራቸው «እና እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ተቆጡኝ። እኔን ምን አድርግ ይሉኛል፤ ተከራይ ነኝ።)

ይቅርታዎን፣ ሃይማኖትዎንም ልጠይቅዎ። የፋሲል መዋኛ ለከተራ ውሃው ከቀሃ በቦይ ተስቦ ይሞላል፤ ታቦታቱ ያድራሉ፤ በማግስቱ ሕዝቡ ይረጫል። ያ ውሃ ሥራም ቀንም አለው፤ ጥር 10 እና 11። እርስዎ በየትኛው ታቦት ስም ነው ዓመቱን ሙሉ የሚያጠምቁት? ያውም ከተማዋን ውሃ የሚያጠጣው አንገረብ ግድብ ደለል እየገባበት፣ የሚይዘው ውሃ በቀነሰበት ከተማ!

«ስሜን ለማጥፋት ነው» እንዳይሉኝ ማስረጃ ይዣለሁ። ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃ አቀዝቅዤ ክዳንዎን ከፍቼ ጨመርኩብዎ። ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይጫንዎ በሩ ላይ ልጅ አቆምኩ። ስመለስ መቀመጫው ሥር ያለው ውሃ ቀልቷል። እጅ ከፍንጅ! በቆጣሪ ልይዝዎም አስቤ ነበር፤ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እያለ ቆጣሪው ከዞረ ሌባ አለ ማለት ነው። ግን የኛ ቆጣሪ ውሃው ከመድረሱ በፊት በሚገፋው አየርም ይዞራል። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ የሚገባው ጌታ ነው።

ደግሞ እኮ መጠጥ ውሃ ካልሆነ አልጠጣም ያሉት እርስዎ ነዎት። የዝናብ ውሃ ምን አነሰዎ? ጎንደር በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 100,000 ሊትር ይቀበላል፤ የሚረጨውና የሚተነው አንድ አምስተኛ ቢሆን እንኳ 80,000 ይቀራል። ያን ሁሉ ክረምት የሚይዝ ሮቶ የለንም፤ ግን ወሩን ሙሉ ሲዘንብ ሮቶው በየጊዜው እየሞላ እርስዎን ብቻ ቢያጠጣ ምን ነበረበት? ግድግዳው በተከፈተበት ሰሞን አንዲት ለብቻዋ የሆነች ቀጭን መስመር ከዝናቡ ሮቶ እስከ እርስዎ ማውረድ ነበር ሥራው። ከተለሰነ በኋላ ግን ሴራሚኩ ይፈርሳል፤ ሴራሚኩን ማን ይነካል! አሸንዳውስ ታደሰ፤ ወርቃማ ቀለም ተቀባ። ዝናቡን አሁንም በክብር አጅቦ ወደ አስፋልት ያወርደዋል።

የሚከተለውን ውሳኔ በትሕትና አሳውቃለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው አዲስ ጎማ ይዞ ይመጣል። ዋጋውን ስሰማ አፍሬያለሁ፤ ይህን ሁሉ ጀሪካን ያሸከመን ነገር የቡና ወጪ አይሞላም። አሸዋ የተሞላ፣ ክዳኑ የጠበቀ የሃይላንድ ጠርሙስም ሆድዎ ውስጥ፣ ከተንሳፋፊው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በተጫንዎ ቁጥር የጠርሙሱን ያህል ውሃ ይቆጥብልናል። ጡብ ያስቀመጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ጡቡ እየሟሟ መዝጊያውን በደለል ሞላው። አንገረብን በአንድ ሳጥን ውስጥ መድገም አያስፈልግም።

እስከ እሑድ ከሥርዎ ያለችውን መዝጊያ ጠምዝዤ ዘግቻታለሁ። በባልዲ እንገናኛለን።

ከሰላምታ ጋር
የሁለተኛ ፎቅ ተከራይ

ግልባጭ፦ ለቤቱ ጌታ፣ ከኪራዩ ጋር ተያይዞ፤ ለወርቃማው አሸንዳ፣ እንዲያውቀው፤ ከግድግዳው ውስጥ ላሉት አሮጌ ብረት ቧንቧ፣ ተራዎን እንዲጠብቁ።