ትዘጋ ወይስ ትቆይ? በመንዝ ደጋ ስላለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በመንዝ ደጋ፣ ከጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ያላት የሳተላይት ትምህርት ቤት፣ ማለትም በአንድ ትልቅ «እናት» ትምህርት ቤት ሥር ያለች ቅርንጫፍ፣ አለች። የተማሪዋ ቁጥር ከዓመት ዓመት ስለቀነሰ ተዘግታ ልጆቹ ወንዝ ማዶ ወዳለው እናት ትምህርት ቤት ይዛወሩ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። «ይዛወሩ» የሚሉት በጉድኝት (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ የሚደራጁበት ማዕቀፍ) ሱፐርቫይዘርነት ሠርተው አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «አይሆንም» የምትለው እዚያው ያስተማረች መምህርት ናት። ሁለቱም ስማቸው እንዲቀር ጠይቀዋል።

ሱፐርቫይዘሩ፦

እኔ ነገር አላሳምርም። ይቺ ትምህርት ቤት ለስሙ ነው ትምህርት ቤት የምትባለው። ሁለት የጭቃ ክፍል፣ ሁለት መምህር፣ በቃ። 1ኛና 2ኛ አንድ ላይ፣ 3ኛና 4ኛ አንድ ላይ ይማራሉ። መምህሩ ለ3ኛ ክፍል ሒሳብ ሲያሳይ 4ኛዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው አማርኛ ያነባሉ ይባላል። እኔ ገብቼ አይቻለሁ፤ ሲያነብ ያየሁት ልጅ የለም። አንዱ መምህር ደመወዙን ሊያወጣ ከተማ የወረደ ቀን ደግሞ አራቱም ክፍል አንድ ክፍል ነው።

በ1986 ዓ.ም የትምህርት ፖሊሲው ወጥቶ ትምህርት ቤት በየመንደሩ ሲዘረጋ እነዚህ ሳተላይቶች ጥሩ ሐሳብ ነበሩ። ያኔ ጭንቀቱ ልጁ ደጃፉ ላይ ፊደል ይቁጠር የሚል ነበር። አሁን የሚጠየቀው ምን ተማረ የሚለው ነው። የአንደኛ ደረጃ መለኪያ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። እዚህ አራቱም ክፍል ተደምሮ መዝገቡ 63 ይላል። ማዶ ግን ለየክፍሉ መምህር አለ፣ መጻሕፍት ያለበት ክፍል አለ፣ አጥር አለ።

ደህንነት ከተባለም ከዚህች የባሰ የለም። አጥር ስለሌላት በሬ ሰተት ብሎ ክፍል ይገባል። የሽንት ቤቱ ወለል የበሰበሰ እንጨት ነው፤ አንድ ቀን ልጅ ይዞ ይወርዳል። ቆርቆሮው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል። መንገዱ ራቀ ለሚሉ ደግሞ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እኛ ሁለት ሰዓት በባዶ እግራችን እየሄድን ነው የተማርነው፤ ማናችንም አልሞትንም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ትዘጋ።

መምህርቷ፦

«ማናችንም አልሞትንም»! ጋሼ፣ እስቲ ይህን መልሰው ያንብቡት። «እኛ» ያሉት እነማንን ነው? ሁለት ሰዓት እየሄዱ አብረውዎት ከተማሩት ውስጥ ሴቶቹ ስንት ነበሩ? ውኃ የወሰደው ልጅ አድጎ ስለ ልጅነቱ አይጽፍም እኮ። በ12 ዓመቷ የተዳረችውም አትጽፍም። የሚጽፈው የተረፈው ነው፣ እሱም «ምንም አልሆንን» ይላል።

አንድ ሰዓት ተኩሉም በእርስዎ እግር ነው። የ7 ዓመት ልጅ እግር ሌላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያነጋው። ጠዋት ልጆቹ ገብተው ሲቀመጡ ጣታቸው ደንዝዞ እርሳስ አይይዝላቸውም። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው እስኪሞቃቸው ድረስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጽፍም ነበር፤ በቃል እናነባለን። እነዚህ ደግሞ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ሥር ያለ ልጆች ናቸው! ማዶ የሚሻገረው ምን ሆኖ ሊደርስ ነው?

ወንዙስ? «ክረምት ትምህርት የለም» ይሉኛል ሰዎች። ሐምሌና ነሐሴ የለም፣ ልክ ነው። ሰኔ ግን ፈተና ነው። መስከረም ትምህርት ይጀመራል። ሁለቱም ላይ ወንዙ ሙሉ ነው። እኛ አገር ደግሞ በልግ አለ። ጠዋት ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የተሻገሩት ውኃ፣ ላይ አገር ከዘነበ ከሰዓት ላያሳልፍ ይችላል። ድልድይ የለም። ጉም የወረደ ቀን አምስት እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም። (ከተማ ያላችሁ ዘመዶቻችን ስለ ጓሳ ቀይ ቀበሮ ትጠይቁናላችሁ። እሱ አይጥ ነው የሚበላው፣ ልጅ አይነካም። የጅቡ ነገር ግን ሌላ ነው።)

የሽንት ቤቱ ወለል በስብሷል፣ አዎ። ታዲያ ወለሉ የበሰበሰ ሽንት ቤት ይሠራል እንጂ ትምህርት ቤት ይዘጋል?

ሱፐርቫይዘሩ፦

እህቴ፣ ስሜትዎ ይገባኛል። ግን 63 ስል ለምን በዝምታ አለፉት? ምክንያቱን እኔ ልናገር።

63 ያለው መዝገብ ላይ ነው። ገብስ ሲታጨድ ክፍል ውስጥ ያለው አርባ አይሞላም። ስም ሲጠራ ግን «አቤት» የሚል አይጠፋም፤ ወንድም ስለ ወንድሙ ይመልሳል። ነሐሴ ላይ መምህራን ቤት ለቤት ሲቆጥሩ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ የገባው ልጅ ይመዘገባል። ደብረ ብርሃን በሰው ቤት የተቀጠረችው ትመዘገባለች። አምስት ዓመት ያልሞላው «ሰባት ነው» ይባላል። ለምን ቢባል፣ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው የገንዘብ ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከወረደ ደግሞ አንዱ መምህር ይነሳል።

ይህ የሒሳብ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ልጁ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከቤት ወጣ እንበል። እናቱ ትምህርት ቤት ነው ብላለች። መዝገቡም «አለ» ይላል። ልጁ ግን የለም። ታዲያ የት ገባ ብሎ የሚፈልገው ማነው? እርስዎ ስለ ወንዝና ስለ ጅብ ይጽፋሉ። እኔ የምፈራው ይህን መዝገብ ነው። የማይገኝ ልጅ እንዳለ እየተጻፈ ስለ ደህንነት ባናወራ ይሻላል።

መምህርቷ፦

ጥሩ። መዝገቡን ካነሱት እስከ መጨረሻው እንሂድበት።

የምዝገባ ዕቅድ ከታች አይወጣም፣ ከላይ ነው የሚወርደው። የዚህ ቀበሌ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች ይህን ያህል ናቸው፣ ሁሉም ይመዝገቡ ይባላል። ቁጥር ያጎደለ መምህር ግምገማ ላይ ስሙ ይነሳል። «ለምን አልቀሰቀስክም?»፣ «ወላጅ ለምን አላወያየሽም?» እየተባለ የሚጠየቀው በማን ፊት ነበር? በሱፐርቫይዘር ፊት! ያ የሚፈሩት መዝገብ በየሩብ ዓመቱ ታይቶ የተፈረመበት ነው። የማን ፊርማ እንዳለበት ልናገር ወይስ ይተው? እኔ በዚያ ብርድ የሰው ልጅ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌባ ለማለት ከሆነ ፊት ለፊት ይበሉኝ፤ በ«ሁላችንም እናውቃለን» አይሸፍኑት።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቄ ነበር። አብረውዎት የተማሩት ሴቶች ስንት ናቸው? አልመለሱም። እሺ፣ እኔ ስለ አሁኖቹ ልናገር። ዘግይታ ትምህርት የጀመረች ልጅ 4ኛ ክፍል ስትደርስ 12፣ 13 ዓመቷ ነው። ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ያለው መንገድ ቤት የሌለበት ቁጥቋጦ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ ሴት የጠለፈን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ በኋላ ቢያገባትም ከክስ አይድንም። ጥሩ ሕግ ነው። አባት ግን ልጁን የሚልከው አንቀጹን አይቶ ሳይሆን መንገዱን አይቶ ነው። ትምህርት ጠልቶ አይደለም የሚያስቀራት። እዚህ እያለች ግን ከማሳው ላይ ሆኖ ስትገባም ስትወጣም ያያታል። እኔ ደህንነት የምለው ይህን ነው። «ማናችንም አልሞትንም» በሉልኝና ለዚያ አባት አስረዱት።

ሱፐርቫይዘሩ፦

ሌባ ያለሽ የለም። ቃል አትጨምሪብኝ። የፈረምኩት የቀረበልኝን ነው፤ ከየቤቱ እየዞርኩ ልጅ ልቆጥር አልችልም ነበር፣ በእግሬ የምዞረው ትምህርት ቤት ስንት እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ።

አንዲት አረፍተ ነገሬን ይዘሽ ሦስት ጊዜ መታሻት። ይሁን። አሁን እኔም አንድ ልጠይቅ። ያቺ ልጅ 4ኛን ስትጨርስ የት ትሄዳለች? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ አድርጎታል፤ የአንቺ ትምህርት ቤት 4ኛ ላይ ያበቃል። 5ኛ ስትገባ ወንዙ ያው ነው፣ ቁጥቋጦው ያው ነው። ያውም አድጋ፣ ለጠላፊ ዓይን በደረሰችበት ዕድሜ፣ ምናልባት ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ብቻ። ታዲያ ከምኑ ነው ያዳንሻት? አዘገየሽባት እንጂ! የቀበሌው ልጆች ሁሉ ከትንሽነታቸው አብረው ቢሻገሩ ግን ሠላሳ አርባ ሆነው ነው የሚሄዱት። ትልቁ ትንሹን ይይዛል። ወላጅ በተራ ይሸኛል። ለእድር ተራ የሚገባ ሰው ለልጁ ተራ መግባት ያቅተዋል?

የትንንሾቹ ነገር ከከበደ ደግሞ እኔ ግትር አይደለሁም። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ይዛወሩ። 1ኛና 2ኛ እዚያው ይቆዩ፣ ዜሮ ክፍልም ይጨመርላቸው።

መምህርቷ፦

አንባቢ ሆይ፣ እባክህ ወደ ላይ ተመለስና የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን እይልኝ። «ሙሉ በሙሉ ትዘጋ» ነበር። አሁን ዜሮ ክፍል ሊጨመርላት ነው! ይህማ ማስፋፋት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ወላጅ በተራ ይሸኛል የሚሉት ነገር ግን በየትኛው ወር ነው? እርሻ ላይ? አጨዳ ላይ? ጠዋት ለመሸኘት አንድ ሰዓት ተኩል መሄጃ፣ ያንኑ ያህል መመለሻ። ከሰዓት ደግሞ ለመቀበል እንደገና። ስድስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚውል ገበሬ በሬውን ማን ይያዝለት? እድርን ከዚህ ምን አገናኘው? ሰው በየቀኑ አይሞትም።

አጥር አለ ያሉት ማዶ ያለው ትምህርት ቤት አጥሩ በሦስት ጎን ነው፤ በአራተኛው ጎን ከብት ይወጣል ይገባል። የሴቶቹ ሽንት ቤት በር የለውም። ልጆቹ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላ ዘርግታ ነው የምትቆመው። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ያን ሳምንት አትመጣም፤ እሷም መዝገብ ላይ «አለች» ነች፣ እርስዎ የሚፈሩት መዝገብ ላይ። 3ኛ ክፍል አሁን እዚያ ሰባ የሚደርስ ልጅ ታጭቋል። የእኛዎቹ ሲጨመሩስ? ለአንድ ክፍል 50 ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?

ሱፐርቫይዘሩ፦

በር የሌለው ሽንት ቤት ይሠራል እንጂ ትምህርት ቤት ይዘጋል? ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ። ለአንቺ ትምህርት ቤት ሲሆን ይሠራል፣ ለማዶው ሲሆን ምክንያት ይሆናል።

5ኛ ክፍል የምትገባዋን ልጅ ግን ዘለልሻት። እኔ ስለ ሴቶች አልመለስክም ተብዬ ተወቅሻለሁ፤ አንቺም አልመለስሽም። እኩል ነን።

ክርክሩ በዚህ አያልቅም፣ ስለዚህ የሚሠራውን ልናገር። ከ3ኛ ጀምሮ ይዛወሩ የሚለውን ለወላጅ መምህር ህብረቱ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ማዶ ተጨማሪ ክፍልና በር ያለው የሴቶች ሽንት ቤት ይሠራ ብዬ እጨምርበታለሁ። ወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራም ከወረዳ ይጠየቃል። የነሐሴው ቆጠራ ደግሞ ከቀበሌው ሁለት ወላጅ ባለበት ይካሄድ። እዚህ ላይ የምትቃወሚው ካለ ተናገሪ።

መምህርቷ፦

ቆጠራው ላይ ወላጅ ይኑር፣ ደስ ይለኛል። እንዲያውም ጡረታ የወጣ ሱፐርቫይዘርም ይጨመርበት፤ ዳገቱን አብረን እንውጣው።

ደብዳቤው ላይ ግን አንድ ነገር ይጣራልኝ። ልጆቹ የሚዛወሩት ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ነው ወይስ በፊት? «ድልድዩ በሂደት ይሠራል፣ ዝውውሩ ከመስከረም ጀምሮ ይፈጸማል» ተብሎ ከተጻፈ እኔ አልፈርምም። ወላጆቹንም እንዳይፈርሙ ቤት ለቤት እየዞርኩ እነግራለሁ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ ስቆጥራቸው ኖሬያለሁ።