ለፎቶ የተከፈተ ላይብረሪ

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ቅር ያለው ቅር ይበለው።

ልጆቻችን ሚማሩበት የመንግስት ትምህርት ቤት ላይብረሪ አለው። አለው ስላችሁ በር አለ፣ በሩ ላይ ቁልፍ አለ ማለቴ ነው። ባለፈው ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ ተባለና በጠዋት ተከፈተ፣ አቧራው ተወለወለ፣ ካርቶን ውስጥ የከረሙት መፅሐፎች መደርደሪያ ላይ ወጡ (አንዳንዱ ላስቲኩ ራሱ አልተቀደደም)፣ ከየክፍሉ ዩኒፎርማቸው ፀዳ ያለ ልጆች ተመርጠው መጡና አንዳንድ መፅሐፍ ተሰጥቷቸው ቁጭ አሉ። እንግዶቹ ገቡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አጨበጨቡ፣ ወጡ።

ወዲያው መፅሐፍ መሰብሰብ ተጀመረ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ግን አልሰጥም አለች። የደረሳት ስለ ፕላኔቶች የሚያወራ ባለስዕል መፅሐፍ ነው፣ ሌሎቹ ካሜራ እያዩ ፈገግ ሲሉ እሷ ለካ የምሯን እያነበበች ነበር። «ሳተርን ጋ ደርሻለሁ፣ ልጨርሰውና» አለች። ምክትል ዳይሬክተሩ ከእጇ መንጭቆ «ንብረት ነው፣ ይቆሽሻል!» አላት። የገፁን ጫፍ አጠፍ አድርጋው ነበር፣ ሌላ ቀን ስትመጣ እንድታገኘው መሰለኝ፣ እሱንም አየና «ይኸው አበላሸችው» ብሎ ሰው ፊት አዋረዳት። በሩ ተቆለፈ። እኛ ወላጆች ደሞ እዛው ኮሪደር ላይ ቆመን ፎቶው መቼ ነው ሚለቀቀው እንባባላለን! ማታ ሲለቀቅ ላይክ አደረግን፣ «በርቱ» ብለን ኮመንት ፃፍን። ይቺን ይቅር ማለት አቃተኝ፣ ለሱም ለኛም።

ቆይ ግን ውጤት ሲወጣ ለምንድነው ምንጮኸው? ልጁ ሰነፍ ነው፣ አስተማሪው አይረባም፣ ስልክ ነው ያበላሸው ምናምን... መፅሐፍ ሳይነካ ያደገ ልጅ እኮ የሂሳብ ጥያቄም አንብቦ ሚገባው በመከራ ነው። ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የላይብረሪ ተመራማሪው ኪት ከሪ ላንስና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ላይብረሪያቸው በመፅሐፍም በሰራተኛም የተሟላላቸው ትምህርት ቤቶች በንባብ ፈተና የተሻለ ሲያመጡ ነው የታየው፣ የወላጅ ገቢና የትምህርት ደረጃ ከግምት ገብቶ ራሱ ልዩነቱ አልጠፋም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢፍላ (የዓለም የላይብረሪ ማህበራት ፌዴሬሽን ነው) እና የዩኔስኮ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ማኒፌስቶም ላይብረሪያንና አስተማሪ አብረው ሲሰሩ ተማሪው በንባብም በትምህርቱም ከፍ እንደሚል ፅፎታል። አብረው ሲሰሩ ነው ያለው፣ የኛዋን ላይብረሪያን ግን ቁልፍ ጠባቂ ነው ያደረግናት።

እሷ ላይ እንኳን ብዙም አልፈርድም። አንድ መፅሐፍ ከጠፋ ከደሞዟ ይቆረጣል፣ መቶ ዓመት ሳይነበብ ቢቀመጥ ግን ጠያቂ የለባትም። እናንተ ብትሆኑስ? ትቆልፋላችኋ! ልጅ ሚያነበው መፅሐፍ ይቀደዳል፣ ያረጃል፣ አንዳንዱም ይጠፋል፣ እንደ ጠመኔ አላቂ እቃ ብለው ቢመዘግቡት ምን ነበረበት? ግን ይሄን በሉ ብሎ ሚጠይቅ ወላጅ የታለ።

ደክሞኛል የምር። ብቻ የወላጆች ስብሰባ እየደረሰ ስለሆነ አንድ ነገር እንሞክር በናታችሁ፣ «ስንት መፅሐፍ አላችሁ» ማለቱን ትተን «ባለፈው ወር ስንት መፅሐፍ ለልጆች አዋሳችሁ» ብለን እንጠይቅ። አጀንዳ አይደለም ይሉን ይሆናል፣ ወይ ዜሮ ይሉናል። ይበሉን፣ እንዳምናው አጨብጭበን ከምንበተን ዜሮውም ቢሆን ቃለ ጉባኤ ላይ ይፃፍልንና ለሚቀጥለው ስብሰባ ከሱ ተነስተን እንጠይቃቸዋለን።