እግር አልባዎች ያደረሱብን በደል

ሰሞኑን ካፌ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ሰው ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ቪዲዮ ያያል። የርዝመት ዝላይ ነው፤ ጀርመናዊው ማርኩስ ሬም። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ በቦታው እንደ ማጭድ የጎበጠ ጥቁር የካርቦን እግር አለ። ተንደረደረ፣ በዚያው በካርቦኑ ተነሣ፣ አሸዋው ላይ አረፈ። ሰውዬው ስቲኪኒውን ከአፉ አውጥቶ፣ ለቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይሄማ የለየለት ማጭበርበር ነው! ስፕሪንግ ገጥሞ!» አለ። አጠገቡ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛውማ «ለእኔም ቢገጥሙልኝ እዘል ነበር» ብሎ ቦርጩን አሻሸ።

እነዚህን ሰዎች አላስተዋውቃችሁም፤ ቢያንስ አንዱ ዘመዳችሁ ነው። ዛሬ የተነሣሁት ላመሰግናቸው ነው፤ እስካሁን ማንም አላመሰገናቸውማ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ ሲሰኩ ፍትሕ የምትባል ነገር ትዝ አትላቸውም። ለልጃቸው ሁለት ማርክ ሲለምኑ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም «የማውቀው ሰው አለ» ብለው ስልክ ሲመቱ፣ ፍትሕ ለጥ ብላ ተኝታለች። እግር የሌለው ሰው እግር ያለውን የቀደመ ዕለት ግን ብድግ! የስፖርት ክብር፣ የእኩልነት መርህ፣ የፊዚክስ ሕግ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፋቸው ላይ ይደርሳል። እነሱ ባይኖሩ እግር አልባዎች እስከ ዛሬ ስንቱን ሜዳሊያ ዘርፈውን ነበር!

በተለይ የሚያስቀናኝ ሰዓት አጠባበቃቸው ነው። አካል ጉዳተኛው ሲሸነፍ ስለ ካርቦን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ያን ጊዜ ከንፈር ይመጠጣል፣ ዕንባ ይቀርራል፣ ቪዲዮው «ሰበብ አታብዙ» ከሚል ምክር ጋር ለዘመድ አዝማድ ይላካል። ሁለት እግሮቹን በሕፃንነቱ የተቆረጠው ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ፒስቶሪየስ (ኋላ የፈጸመውን ወንጀል ለጊዜው እንተወው) ይህን በደንብ ያውቀዋል። 2007 ላይ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኮሎኝ በሚገኝ ላቦራቶሪ ተመረመረ። በእኩል ፍጥነት ሲሮጥ ከባለ ሙሉ እግሮቹ 25 በመቶ ያነሰ ጉልበት ይፈጃል ተባለና በ2008 መጀመሪያ ታገደ። በግንቦት ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እገዳውን አነሣለት፤ ምርመራው ፍጥነት ከያዘ በኋላ በቀጥታ መስመር ላይ ያለውን ሩጫ ብቻ ነው ያየው፣ አነሣሡንና ፍጥነት እስኪይዝ ያለውን ጊዜ ትቶታል ብሎ። ፍርድ ቤት ፈቀደለት እንጂ ሕዝብ ገና አልፈቀደለትም ነበር። ሕዝብ የፈቀደለት ለንደን 2012 ላይ ነው፤ 400 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ገብቶ በ46.54 መጨረሻ ሲወጣ። ያን ዕለት አሸናፊው የግሬናዳው ኪራኒ ጄምስ ደረቱ ላይ የለጠፈውን የስም ወረቀት ከእሱ ጋር ተለዋወጠ፤ ዓለም አለቀሰ። መጨረሻ መውጣት እንዴት ያለ ፈቃድ መሰላችሁ! ከማንኛውም ፍርድ ቤት ይበልጣል።

ሙያው ደግሞ ይጋባል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ፣ በዚያው ስታዲየም፣ በፓራሊምፒኩ የ200 ሜትር ፍጻሜ፣ ብራዚላዊው አለን ኦሊቬራ በ21.45 ገብቶ በ21.52 የጨረሰውን ፒስቶሪየስን ቀደመው። ፒስቶሪየስ ላቡ ሳይደርቅ የኦሊቬራ እግሮች ከልክ በላይ ረዝመዋል ሲል ቅሬታውን በቴሌቪዥን አሰማ። ኋላ፣ ጊዜው አልነበረም ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ዕድሜ ልኩን ሲጠየቅ የኖረውን ጥያቄ እሱም ለሌላው አቀበለ። ለካ ለዚህ ሙያ እግርም አያስፈልግም፤ መሸነፍ ብቻ ይበቃል።

የሬም ጥፋት ይህን ወግ አለማወቁ ነው። 2014 ኡልም ላይ ሁለት እግር ካላቸው ጋር ተወዳድሮ 8.24 ዘለለና የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ወደ ዙሪኩ የአውሮፓ ሻምፒዮና ግን አልተወሰደም። አርፎ አልተቀመጠም፤ 2023 ላይ 8.72 ደረሰ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ የተወሰደው በ8.41፣ የፓሪሱ በ8.48 ነው። እንዲህ ዓይነት ነውር! ይባስ ብሎ የሰውዬው ሙያ ራሱ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ነው።

እውነት ለመናገር ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ካርቦን አይደክምም፣ ጡንቻ ይደክማል፤ ካርቦን ደግሞ ቁርጭምጭሚት የለውም፣ አይሰማውም፣ ከመነሻው ሲወጡበት ያስቸግራል። 2016 ላይ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከጃፓን የተውጣጡ ተመራማሪዎች ሬምን ለክተው የደረሱበት ይኸው ነው፤ ሲንደረደር ይጎዳል፣ ሲነሣ ይጠቀማል፤ ተደምሮ ተቀንሶ ወዴት እንደሚያደላ ግን መቁረጥ አልቻሉም። ካሜራና የኃይል መለኪያ ደርድረው ያልቋጩትን ነገር የካፌያችን ሰው በአንድ ማኪያቶ ቋጨው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ስቲኪኒ እያኘከ ሲባክን ያሳዝናል።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልለፍ፤ ብሌክ ሊፐር። አሜሪካዊ ነው፤ ከጉልበቱ በታች እግር ሳይኖረው ተወለደ። በሁለት የካርቦን እግሮች እየሮጠ 2019 በአሜሪካ ሻምፒዮና 400 ሜትር አምስተኛ ወጣ። በዚያን ጊዜ ደንቡ፣ እግሩ ጥቅም እንደማይሰጠው የሚያስረዳው አትሌቱ ራሱ ነው ይል ነበር። 2020 ላይ የግልግል ፍርድ ቤቱ ይህን ደንብ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው። ሊፐርን ግን አላስገባውም። ለምን? ረዝሟል። በካርቦኑ ላይ ቆሞ ሲለካ፣ እግር ኖሮት ቢወለድ ሊኖረው ይችል ከነበረው ቁመት በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ቀመር አለላችሁ! የክንድህንና የጭንህን ርዝመት ወስዶ ያልነበረህን እግር ይለካል። ቀመሩ የተሠራባቸው ሰዎች መካከል ጥቁር የለም ብለው ጠበቆቹ ቢከራከሩም አልሆነላቸውም።

ይህ ቀመር በሊፐር ላይ ብቻ ቢቀር ግፍ ነው። አንድ ኮሚቴ ይቋቋም፤ «የሊሆን ይችል ነበር ኮሚቴ» ይባል፤ ማኅተም ይቀረጽለት። የመጀመሪያ ጉዞው ወደ በቆጂ ይሁን። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያፈራች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ጥቅም ነዋ! ኮሚቴው ሜትሩንና መዝገቡን ይዞ ከላንድክሩዘር ይውረድና «ይህ ልጅ በቆጂ ሳይሆን አሳይታ ቢወለድ ኖሮ 10 ሺሕ ሜትርን በስንት ይጨርስ ነበር?» ብሎ ያስላ። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ይደመርበት። ትምህርት ቤትስ? እየሮጠ ነው የተመላለሰው፤ «ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ» የሚል ሌላ ሠንጠረዥ ይውጣ። እናትየው ይጠሩ። «እማማ፣ ልጅዎ በሕፃንነቱ ምን ይበላ ነበር?» «ገንፎ።» «በቅቤ ነው ያለ ቅቤ?» እማማ ትንሽ ያስባሉ። «ሲገኝ በቅቤ።» ጸሐፊው «ቅቤ፦ ሲገኝ» ብሎ ይመዘግባል፤ ግማሽ ሰከንድ። ከብት ይጠብቅ ነበር? አዎ። ጥጃ አባርሮ ያውቃል? አዎ። ጥጃው ፈጣን ነበር? እማማ እዚህ ላይ ይቆጣሉ፤ የቤታቸውን ጥጃ ማንም ሰነፍ ብሎት አያውቅም። ጥጃው ይቅረብ ይባላል። ጥጃው አሁን በሬ ሆኗል። «ጥጃ እንደሆነ ቢቀር ኖሮ» የሚል ንኡስ ኮሚቴ ይዋቀርና ውሎ አበል ተቆርጦለት ለተጨማሪ ጊዜ እዚያው ይቆያል። በመጨረሻ በሬው በራሱ ላይ የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ይነገረዋል።

ሲመለሱ ማይክል ፌልፕስ ጋ ጎራ ይበሉ፤ ሰውዬው ክንዱን ሲዘረጋ ከቁመቱ ይበልጣል፤ ትርፉ ይታጠፍለት። ከዚያ ሪፖርቱን ይዘው ወደዚያው ካፌ ይምጡ፤ የሚገባቸውን አቀባበል የሚያገኙት እዚያ ነው። እዚያ የተቀመጠው ወንድ በሙሉ «ጉልበቴን ባልመታ ኖሮ ለቡና እጫወት ነበር» ባይ ነው። ያልነበረ እግር ከተለካ ያልነበረ የእግር ኳስ ዘመንም ጡረታ ሊታሰብለት ይገባል።

ካርቦን ካልን ዘንድ፣ እነዚህ የፍትሕ ጠባቂዎቻችን ካርቦን ሁሉ አንድ አይደለም ብለው ነው የሚያምኑት። ትዕግሥት አሰፋ 2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለሙን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ጫማዋን ከፍ አድርጋ ለካሜራ አሳይታለች። 138 ግራም፣ 500 ዶላር፣ ሶሉ ውስጥ ካርቦን። እልል አልን። ልክም ነን፤ የሮጠችው እሷ ናት፣ ጫማ ብቻውን አይሮጥም። ይህችን «ጫማ ብቻውን አይሮጥም» የምትል አባባል ግን ለሬም አናውሳትም። 2021 ቪየና ላይ ደራራ ሁሪሳ ማራቶኑን አንደኛ ከገባ በኋላ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘና ተሰረዘ፤ የተፈቀደው 4 ነው። ያን ሰሞን እነዚሁ ሰዎች «ለአንድ ሴንቲ?! ምቀኝነት ነው!» ብለው ካፌውን ሊያፈርሱት ነበር። የሊፐር 15 ሴንቲ ግን የፍትሕ ጉዳይ ነው።

በዓይን ገና አለመምጣታቸው ደግሞ ተመስገን ነው። ሪዮ 2016 ፓራሊምፒክ ላይ የማየት ችግር ያለባቸው ሯጮች በ1,500 ሜትር ሲወዳደሩ አልጄሪያዊው አብደላጢፍ ባካ በ3:48.29፣ የእኛው ታምሩ ደምሴ በ3:48.49 ገቡ። ከሳምንታት በፊት ኦሊምፒኩን ያሸነፈው አሜሪካዊ የጨረሰው በ3:50.00 ነበር። የኦሊምፒኩ ፍጻሜ እርስ በርስ እየተያዩ የተንፏቀቁበት ስለነበር ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም። ጠባቂዎቹ ግን «ተቀናቃኙን ስለማያይ አይፈራም፣ ጥቅም ነው» ለማለት አንድ ሐሙስ ነው የቀራቸው። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ 1904 ሴንት ሉዊስ አለ፤ ጆርጅ አይዘር የሚባል ጂምናስቲከኛ በእንጨት እግር በአንድ ቀን 6 ሜዳሊያ ወሰደ፣ 3ቱ ወርቅ። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ጽድ የመረመረ የለም። መዝገቡ ይከፈት!

ጥቅም! ጥቅም ትላላችሁ? የተቆረጠ እግሩን በየማለዳው የሰው ሠራሽ እግሩ ሶኬት ውስጥ እየከተተ ቆዳው የሚላጥ ሰው አጠገባችሁ ይኖራል፤ አንድ ቀን ጠይቃችሁታል? በፈንጂ፣ በመኪና፣ በስኳር በሽታ እግሩን ያጣ ሰው እዚህ አገር ወረፋ ጠብቆ ሲሳካለት የሚያገኘው የፕላስቲክ እግር ነው፤ እንዲራመድበት እንጂ እንዲዘልበት አልተሠራም። በዚያ እግር ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ይሻገራል፣ ረዳቱ «ቶሎ በል፣ ሞልቷል!» እያለ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ ሊፍቱ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሲያይ አራት ፎቅ በደረጃ ይወጣል። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 (ይህኛው ዓመት ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ካዘዘ ስንት ዘመኑ! ስለዚያ ደረጃ አንድም ቀን «ፍትሐዊ አይደለም» ብሎ ያልጮኸ አፍ፣ ባሕር ማዶ ለዘለለ ሰው ስለ ፍትሕ ሲያስተምረን ያንገሸግሻል። የዚያ ካፌ ግድግዳ ላይ የአበበ ቢቂላ ፎቶ ተሰቅሏል። አበበ 1969 መኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ካልታዘዙት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር እንግሊዝ ድረስ ሄዶ በቀስት ተወዳድሯል። ዛሬ በዚያ ወንበር ቢመጣ ፎቶው ወዳለበት ካፌ መግባት አይችልም፤ በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ።

ይቅርታ፣ ምስጋናዬን አቋረጥኩ። የጠባቂዎቹ ልብ እንዲያርፍ ደንቡ በግልጽ ይጻፍ። አካል ጉዳተኛ አትሌት መሮጥ ይችላል፤ ይበረታታልም። መውደቅ ይፈቀድለታል፤ ወድቆ ቢነሣ ይመረጣል፣ ለቪዲዮ ይመቻል። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ መውጣት መብቱ ነው። ነሐስ በልዩ ፈቃድ ይታያል። አንደኛ ከወጣ እግሩ ተፈትቶ ለምርመራ ይወሰድ፤ ምርመራው እስኪያልቅ እሱ ሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፤ ከንፈር የሚመጥለት ሰው አናሳጣውም።