ጳውሎስ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም

ስለ መስጠት ሲሰበክ የሚፈተነው ሁሌም ሰጪው ነው። እምነትህ ይታይ፣ አትሰስት፣ እጅህን ዘርጋ ይባላል። የተቀባዩስ እምነት በምን ይታያል? ይህን የሚያነሳ ብዙም አይገኝም። አንዱ ደፈር ብሎ «ባለፈው ያዋጣነው ምን ላይ ዋለ?» ካለማ አለቀለት። ወይ ሥጋዊ ነው፣ ወይ አገልጋይ ተዳፍሯል።

ይህ ፍርሃት ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ አይመስለኝም። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች ከመቄዶንያ፣ ከአካይያና ከገላትያ አማኞች ገንዘብ ሲያሰባስብ ያደረገውን እንይ። ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 16 ላይ፣ መመሪያው አጭር ነው። እያንዳንዳችሁ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ከገቢያችሁ እያስቀመጣችሁ ቆዩ፤ እኔ ስመጣ ያን ጊዜ መዋጮ እንዳይኖር ይላል። ልብ በሉልኝ። የዛሬ ሰባኪ ቢሆን እሱ በተገኘበት፣ ሕዝቡ በጋለበት ሰዓት ነበር ኪስ የሚያስፈትሸው። ጳውሎስ ያንን ሰዓት አልፈለገውም።

ገንዘቡን የሚያደርሱትም ራሳቸው የቆሮንቶስ ሰዎች የመረጧቸው እንዲሆኑ አዘዘ። በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 8 ደግሞ ከሥራ ባልደረባው ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሌላ ወንድም አብሮ እንደሚሄድ ይነግራቸዋል። ምክንያቱንም አልሸሸገም። በዚህ ትልቅ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን አለ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር እኮ። ሐዋርያ ነው! ግን አልበቃውም።

የሚገርመው፣ ይኸው ምዕራፍ መጀመሪያው ላይ የመቄዶንያ ሰዎች በከባድ ድህነት ውስጥ ሆነው ከአቅማቸው በላይ እንደሰጡ ይተርካል። ያ ክፍል በየመድረኩ ይነበባል። ወረድ ብሎ ያለው የጥንቃቄው ክፍል ግን ይዘለላል።

የመበለቲቱ ታሪክም ላይ ይኸው ነው የሚሆነው። ሁለት ሳንቲም በመቅደሱ የመባ ሳጥን ውስጥ ጣለች፣ ያላትን ሁሉ ሰጠች፣ አንተስ? በዚሁ ይዘጋል። እስቲ ማርቆስ 12ን ትንሽ ከፍ ብላችሁ አንብቡት። ኢየሱስ ሴትዮዋን ከማየቱ በፊት የተናገረው ጸሎታቸውን እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች ነው። ከእሷ ቀጥሎ ምዕራፍ 13 ሲከፈት ደግሞ ያ መቅደስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይቀር እንደሚፈርስ ይናገራል። ሴትዮዋን አመሰገናት፤ ሳጥኑን የያዙትን ግን አላመሰገነም። ማርቆስ ሦስቱን ያደራረበው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው ብዬ ማመን ይቸግረኛል።

«ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውም ቃል ያለ ቦታው ሲጠቀስ ይታያል። የማቴዎስ 6 ነገር ልታይ ልታይ ለሚል ሰጪ የተነገረ ነው። የሒሳብ መዝገብ ደብቁ አይልም። እኛ ግን ገለበጥነው፦ ማን ስንት እንደሰጠ በማይክ እየተነገረ ይጨበጨባል፤ የወጣው ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ምስጢር ይሆናል።

አስራት ለክርስቲያን ግዴታ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ ልተወው። ግዴታ ነው የሚሉት ቢሆኑ ግን «አስራቱን ሁሉ አግቡ» በሚለው ሚልክያስ 3 ላይ ብቻ ባይቆሙ ጥሩ ነው። ዘዳግም 14 በየሦስተኛው ዓመት አስራቱ ለሌዋዊው (ለመቅደሱ አገልጋይ)፣ ለመጻተኛው፣ ለድሃ አደጉና ለመበለቲቱ ይሁን ይላል። ዘኍልቍ 18 ደግሞ ሌዋውያኑ ራሳቸው ከተቀበሉት አስራት ላይ አስራት እንዲያወጡ ያዛል። ተቀባዩም ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ከመድረክ የሰማ ካለ እድለኛ ነው።

ከሐዋርያት በኋላ የመጡትም ይህን አልረሱም። ዲዳኬ የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ «በመንፈስ ነው» እያለ ገንዘብ ስጡኝ የሚልን ነቢይ አትስሙት ይላል፤ ለሌሎች ችግረኞች ከሆነ ግን ማንም አይፍረድበት። በ251 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገደማ የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች ይቆጥራል። 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት እያለ ይቀጥልና ከ1,500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች ላይ ይደርሳል። ካህኑም ችግረኛውም አንድ ዝርዝር ላይ ናቸው። ገንዘቡ ማንን እንደሚያኖር ጠይቆ ማወቅ አያስፈልግም ነበር።

«ታዲያ እኔም ለዚህ ነው የማልሰጠው» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እሱንም ቢሆን አልደግፈውም። የሌላው ሌብነት የእኔን ስስት አያጸድቅም። ሌባ በዛ እያሉ ኪስን መቆለፍ ደስ የሚል ሰበብ ነው፤ ጎረቤቱ ታሞ የመድኃኒት መግዣ ሲያጣ ግን እዚያ መሃል ሰባኪም ኮሚቴም የለም። በቀጥታ መስጠት ይቻላል።

በማኅበር ለሚሰጠው ግን ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ስንት ገባ? ከዚያ ላይ ለችግረኛ የደረሰው ስንት ነው? ገንዘቡን ስንት ሰው ሆኖ ይቆጥረዋል? ሲወጣ ማን ይፈርማል? ይህን በዓመት አንድ ጊዜ በጽሑፍ መለጠፍ የአንድ ገጽ ሥራ ነው። ደስ ብሏቸው የሚመልሱ መሪዎች አሉ፣ እነሱ ጋ መስጠትም ደስ ይላል። ሲጠየቁ የሚቆጡትን ግን፣ እስኪረጋጉ ድረስ ቢያንስ በእኔ ገንዘብ ባይቆጡ እመርጣለሁ።