ለሁለት ሚሊ ሜትር የተከፈለ ዋጋ

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ የሚሸጡ የቴሌግራም ቻናሎችን የሚከታተል ሰው፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድና የራሙ (ማሽኑ ሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) መጠን ከተዘረዘሩ በኋላ «ስሊም» (ቀጭን) የሚል ቃል ያልተጨመረበት ማስታወቂያ ብዙም አያገኝም። ቅጥነት እንደ ራምና እንደ ስቶሬጅ ሁሉ ዋጋ የሚያስጨምር መመዘኛ ሆኗል። ላፕቶፑን ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ኢሜይል ለመመልከትና ፊልም ለማየት የሚፈልግ ገዥ በዚህ ቢማረክ አይፈረድበትም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላው ተጠቃሚ ነው፤ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው፣ የሳተላይት ምስል የሚተነትነው፣ ሶፍትዌር የሚጽፈው፣ ባጭሩ በማሽኑ እንጀራውን የሚበላው ሰው። ለእርሱ ቅጥነት ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ በኋላ ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ከኪሱ የሚወጣ ወጪ ሆኗል ብዬ አምናለሁ፤ ትልልቆቹ አምራቾችም ቢሆኑ ይህንን በቃል ባይናገሩት በተግባር ያመኑበት ጊዜ አለ።

በቅድሚያ ክብደትንና ውፍረትን መለየት ያስፈልጋል። ከቢሮ ወደ ሳይት፣ ከሳይት ወደ ደንበኛ በታክሲ ሲመላለስ የሚውል መሐንዲስ ትከሻው ላይ የሚሰማው ግራም እንጂ ሚሊ ሜትር አይደለም። ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ኤልጂ ግራም የተባለው ባለ17 ኢንች ላፕቶፕ ውፍረቱ 17.8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሚመዝነው 1.35 ኪሎ ግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ባለ14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ግን ውፍረቱ 15.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሰፊውና ወፍራሙ ቀልሎ ትንሹና ቀጭኑ ከብዷል ማለት ነው። ስለዚህ «ለመሸከም እንዲመች» እየተባለ የሚቀርበው መከራከሪያ ስለ ክብደት ከሆነ እቀበለዋለሁ፤ ስለ ውፍረት ከሆነ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ቦርሳ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ማሰብ ይበቃል። ውፍረት ዓይን ውስጥ የሚገባው መደብር ውስጥና ፎቶ ላይ ነው።

የማቅጠኑ ሩጫ ሲጀመር ጤነኛ እንደነበረ መካድ አይገባም። የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በ2008 መጀመሪያ ላይ (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ከወረቀት ፖስታ ውስጥ አውጥቶ ሲያሳይ፣ የማሽኑ ወፍራም ጎን 19.4 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ ጠርዝ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። (የላፕቶፕ ማስታወቂያ ዘወትር ከጠርዙ በኩል የሚነሣው ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።) ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴልም በ2011 ለቀጫጭን ላፕቶፖች «አልትራቡክ» የሚለውን ስያሜ ይዞ ብቅ አለና ለአምራቾች የውፍረት ጣሪያ አበጀላቸው። በነዚያ ዓመታት ከላፕቶፕ ሆድ የወጡት የሲዲ ማጫወቻና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ዘመናቸውን የጨረሱ ስለነበሩ ባለሙያው ያጣው ነገር እምብዛም አልነበረም። ችግሩ የመጣው የሚወጣው ትርፍ ዕቃ ካለቀ በኋላም ማቅጠኑ ሲቀጥል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚቀነሰው ባትሪ፣ ማቀዝቀዣ፣ ፖርትና የኪቦርድ ቁልፍ ጥልቀት ሆነ።

ለዚህ የአፕልን ያህል ግልጽ ማስረጃ የሚሆን የለም። በ2015 የተሸጠው ባለ15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 99.5 ዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚለካበት ነው) የሚይዝ ባትሪ ነበረው። በ2016 የተተካው ሞዴል ወደ 15.5 ሚሊ ሜትር ቀጠነ፤ ባትሪውም ወደ 76 ዋት ሰዓት ወረደ። የፎቶግራፍ ባለሙያ ሚሞሪ ካርዱን የሚሰካበት ቦታ፣ አዳራሽ ውስጥ ገለጻ የሚያቀርብ ሰው የኤችዲኤምአይ ኬብሉን የሚያገናኝበት ፖርትና የተለመደው ዩኤስቢ ሁሉም ጠፍተው በዩኤስቢ ሲ ብቻ ተተኩ። ራሙም ከ16 ጊጋባይት በላይ አይሄድም ነበር፤ ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ከዚያ በላይ ቢደረግ ባትሪ ይበላል የሚል ነበር። ባትሪውን ያሳነሰው ማን እንደሆነ ግን አልተነሣም። በቀጭኑ አካል ውስጥ እንዲገባ የተሠራው «ቢራቢሮ» የሚባለው ኪቦርድ ደግሞ ትንሽ አቧራ ሲገባበት ቁልፎቹ ይጣበቁ ወይም አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ይመቱ ጀመር። አፕል በ2018 ነጻ የጥገና መርሐ ግብር ለማወጅ ተገደደ፤ በኋላም በተጠቃሚዎች የቀረበበትን የጋራ ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት ተስማማ።

በዚያው በ2018 የሆነው ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። ኮር አይ9 ፕሮሰሰር የተገጠመለት ማክቡክ ፕሮ ገበያ ላይ በዋለ በቀናት ውስጥ አንድ ታዋቂ ዩቲዩበር ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግበት (ያቀናበረውን ወደ አንድ ያለቀ ፋይል ሲቀይርበት) 40 ደቂቃ ገደማ ወሰደበት፤ ይህም ከአንድ ዓመት በፊት ከወጣው ደካማ ፕሮሰሰር ከያዘው ሞዴል የባሰ ነበር። ያንኑ ማሽን ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ ሲሞክረው ግን ሥራው በ27 ደቂቃ ግድም አለቀ። አፕል ጉዳዩ የሶፍትዌር ጉድለት ነው ብሎ ማስተካከያ አወጣ፤ ማስተካከያውም ሁኔታውን አሻሽሎታል። ፍሪዘሩ ያሳየው ነገር ግን በሶፍትዌር የሚታለፍ አይደለም። ፕሮሰሰር በወረቀት ላይ ያለው ፍጥነትና ለሰዓታት ሳይዝል ሊያስቀጥለው የሚችለው ፍጥነት የተለያዩ ሲሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነው ሙቀቱን የሚያወጣው ፋንና የመዳብ ቱቦ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ቦታ ይፈልጋሉ። ቀጭን ፋን የሚገፋው አየር ያነሰ ስለሚሆን ያንኑ ያህል ለመግፋት በፍጥነት መዞርና መጮህ አለበት።

ይህ ጉዳይ እኛን በተለይ የሚነካበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን ሙቀትን የሚያወጣው አየር ላይ ጭኖ ስለሆነ፣ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በሳሳ ቁጥር ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ በከፊል ያካክሰዋል፤ አምራቾችም ብዙውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ይሠራል ብለው ስለሚገልጹ ማሽኑ ይበላሻል የሚል ስጋት የለኝም። ነገር ግን በሌላ አገር ተፈትኖ ለጥቂት ያለፈ ቀጭን ላፕቶፕ እዚህ ቀድሞ ፍጥነቱን ቢቀንስ ሊገርመን አይገባም። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወጣቶች ከላፕቶፓቸው የኋላ እግር ሥር ሁለት የውኃ ጠርሙስ ክዳን ሲያስቀምጡ ታይተው ይሆናል። ከሥር አየር እንዲገባ ብለው ነው፤ ዲዛይነሩ የነፈጋቸውን ሚሊ ሜትር በክዳን እየመለሱ ነው።

ከማክቡክ ይልቅ በየመሥሪያ ቤታችን የሚታወቀው የሌኖቮ ቲንክፓድ ታሪክም ያው ነው። በ2018 የወጣው ቲ480 ሁለት ባትሪ ነበረው፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከኋላ የሚወጣ። የውስጡ 24 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን ከኋላ እስከ 72 ዋት ሰዓት ድረስ መምረጥ ይቻል ነበር። መብራት ሲሄድ የኋላው ባትሪ ካለቀ ሁለቱን መቆለፊያዎች ገፋ አድርጎ አውጥቶ የተሞላውን መተካት ነው፤ የውስጡ እስከዚያ ስለሚይዘው ላፕቶፑን ማጥፋት እንኳን አያስፈልግም። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቲ490 ውፍረቱ ከ19.95 ወደ 17.9 ሚሊ ሜትር ወረደ። ለዚህ ሁለት ሚሊ ሜትር የተከፈለው፣ ተነቃዩ ባትሪ ቀርቶ 50 ዋት ሰዓት ያለው አንድ የውስጥ ባትሪ ብቻ መተካቱ፣ ከሁለቱ የራም ማስገቢያዎችም አንዱ ጠፍቶ የእርሱ ራም በማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ መበየዱ ነው። መብራት በማይጠፋበት ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ልውውጥ ብዙም ላይታወቀው ይችላል። ወረዳ ለወረዳ እየዞረ መረጃ ለሚሰበስብ ባለሙያ ግን ግማሽ የሥራ ቀን ማለት ነው። ቲ480 እስከ ዛሬ ድረስ ባገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ተፈላጊ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ስለ ያገለገለ ዕቃ ካነሣን ደግሞ፣ የቅጥነት ዋጋ በዋነኛነት የሚከፈለው እዚያ ነው። አምራቹ ላፕቶፑን የሚያስበው ሦስት ወይም አራት ዓመት አገልግሎ እንደሚተካ ዕቃ ነው። እዚህ ግን ያው ማሽን ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ቢሮ ተሰናብቶ፣ ብዙ ጊዜም በዱባይ በኩል አልፎ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ያገኛል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንድ ዶላር ከነበረበት 57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ከናረ ወዲህ፣ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ለብዙ ባለሙያ ከአቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ ያለውን ማሳደግና መጠገን የግድ ነው። ራሙ የሚነቀል ከሆነ 8 ጊጋባይቱን ወደ 16 ወይም 32 ማሳደግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የተበየደ ከሆነ ግን አንዲት ቺፕ ስትበላሽ ቴክኒሻኑ «ማዘርቦርድ ይቀየር» ከማለት ሌላ የሚመልሰው ብዙም የለውም፤ የማዘርቦርዱ ዋጋ ደግሞ ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። በሙጫ የተጣበቀ ባትሪ ሲነፋ መጀመሪያ የሚታወቀው ታችፓዱ ወደ ላይ ሲነሣና ክሊክ ማድረግ ሲያቅተው ነው፤ ያንን ባትሪ ሳይቀድዱና ሳያጥፉ ማላቀቅ ጥንቃቄና ድፍረት የሚጠይቅ፣ ሲከሽፍም እሳት የሚያስነሣ ሥራ ነው።

በተቃራኒው ወገን ያለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ ጠንካራው ክፍልም ከ2020 በኋላ የመጣ ነው። አፕል ኤም1 የተባለውን የራሱን ቺፕ ሲያወጣ፣ ፋን የሌለው ማክቡክ ኤር ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ትልቅ ማሽን ይጠይቅ የነበረውን ሥራ መሥራት ቻለ። ራሙን ወደ ፕሮሰሰሩ ማስጠጋትም ተንኮል ብቻ አይደለም፤ መረጃው የሚጓዝበት ርቀት ሲያጥር ፍጥነት ይጨምራል፣ ኃይልም ይቆጠባል። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው፣ ጋዜጠኛ ወይም ሒሳብ የሚሠራ ባለሙያ ዛሬ ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ ሙሉ ቀን ሊሠራ እንደሚችል እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ብቃት ያመጣው ኃይል ቆጣቢው ቺፕ እንጂ ቅጥነቱ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ያው ቺፕ ፋን ባለውና ትንሽ ወፈር ባለው አካል ውስጥ ሲገባ ከባዱን ሥራ ሳይዝል ያስቀጥለዋል፤ አፕል ራሱ ኤርና ፕሮ ብሎ ሁለት ማሽን የሚሸጠውም ስለዚህ ነው።

አምራቾች አመኑ ያልኩትም በቃላቸው ሳይሆን በሠሩት ነው። አፕል በ2019 ባለ16 ኢንቹን ሲያወጣ የቢራቢሮውን ኪቦርድ ጥሎ ወደ ቀድሞው ዓይነት ተመለሰ፤ ባትሪውንም አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ለመያዝ ወደሚፈቀደው ጣሪያ፣ ወደ 100 ዋት ሰዓት ከፍ አደረገው። በ2021 ደግሞ ኤችዲኤምአዩን፣ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያውንና በማግኔት የሚያያዘውን የቻርጀር መሰኪያ መልሶ ውፍረቱን 16.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱንም ከ2 ኪሎ ግራም በላይ አደረሰው። ወፈረ፣ ከበደ ብሎ የተማረረ ባለሙያ እምብዛም አልተሰማም። ሌኖቮም በ2024 ያወጣው ቲ14 አምስተኛ ትውልድ ሁለት የራም ማስገቢያ ይዞ የመጣ ሲሆን፣ ዕቃዎችን እየፈታ ለጥገና ያላቸውን ምቹነት የሚመዝነው አይፊክስኢት ከ10 ዘጠኝ ሰጥቶታል። በዚያው ዓመት ኩባንያው በቲንክፓድ ፒ1 ላይ የገጠመው ኤልፒካም2 የተባለ አዲስ የራም ዓይነት ደግሞ የተበየደውን ራም የኃይል ቁጠባና ፍጥነት ሳያጣ በብሎን ተፈትቶ የሚቀየር ነው። ቅጥነትና መጠገን የግድ ጠላት አይደሉም ማለት ነው፤ ገዥው ካልጠየቀ ግን አምራቹ ርካሹን መንገድ ይመርጣል። የአውሮፓ ኅብረት ጠይቋል፤ የባትሪ ደንቡ ከየካቲት 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያሉ ባትሪዎችን ተጠቃሚው ራሱ በተለመደ መፍቻ ማውጣት እንዲችል ያዛል።

እኛ እንዲህ ያለ ደንብ የለንም፤ ላፕቶፕ በብዛት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ግን አሉን። በጨረታ ሰነዶቻቸው ላይ የፕሮሰሰር ትውልድና የስክሪን ስፋት በዝርዝር ሲሰፍር፣ ራሙ ይነቀላል ወይስ ተበይዷል፣ ባትሪው በብሎን ታስሯል ወይስ በሙጫ ተጣብቋል፣ አምራቹ የጥገና መመሪያውን ለሁሉም ይፋ አድርጓል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ከሁለት ወይም ከሦስት መስመር አያልፉም። አቅራቢዎችም የሚያስመጡትን የሚመርጡት የሚጠየቁትን አይተው ነው። በግሉ የሚገዛ ባለሙያ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የራሱን ከባድ ፋይል በፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ኤክስፖርት እያደረገ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የነበረውን ፍጥነት ከመጨረሻዎቹ አምስት ጋር ያስተያይ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።